ጥምዝን ለብቻው፦ ከገበያው ስኒ እስከ ቅቤው፣ መከለሻውና የጉንፋን ሻዩ

ጥምዝ የሚባለው ቅመም በእኛ ቤት ስሙ የሚነሳው በዓመት አንዴ፣ በርበሬ ሲዘጋጅ ነበር። እናቴ «ጥምዙን እንዳትረሺ» ትላለች፤ እኔ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ በስኒ አስሰፍሬ አመጣለሁ፤ ከኮረሪማው፣ ከአዝሙዱና ከድንብላሉ ጋር አንድ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። ለብቻው የቀመስኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ እሱም በስህተት። ከመከለሻ የተረፈች አንዲት ስባሪ ሙቀጫው ሥር ቀርታ ኖሮ ቡና ወቀጥኩባት። ቡናው ጭስ ጭስ የሚል፣ ትንሽ ጣፈጥ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚያሞቅ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥምዝ በማጀቴ የራሱ ዕቃና የራሱ ሰዓት አለው።

ይህን መመሪያ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። ጥምዝን ከሌላው ቅመም ጋር ደባልቆ ማመስ ገንዘብን ጭስ ማድረግ ነው። ሙሉውን ግዙት፣ ለስለስ ባለ እሳት ለብቻው አሙቁት፣ ሊሠራበት ሲል ውቀጡት፣ ወደ ድስቱ መጨረሻ ላይ ጨምሩት። ዝርዝሩ ከዚህ በታች አለ። ለጉንፋንና ለሆድ እንዴት እንደሚጠጣ፣ መቼ ደግሞ ትቶ ሐኪም ቤት መሄድ እንደሚያስፈልግም ወደ ኋላ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከየት ነው የሚመጣው?

እኔ ባለሁበት ጎንደር ላይ ጥምዝ አይበቅልም። አንድ ጊዜ ግቢዬ ልተክለው ብዬ ችግኝ ሳፈላልግ የሳቁብኝ ነጋዴዎች ልክ ነበሩ። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ለወራት ዝናብ በማይጥልበት አገር፣ ጥላና እርጥበት የሚወድ የደን ተክል ምን ያደርጋል? አገሩ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ካፋ፣ ሸካና ቤንች፣ ከዱር ቡናውና ከኮረሪማው ጎን። የካፋው ደን በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ የመዘገበው ነው። የምንበላው ጥምዝ አብዛኛው ማንም ያልዘራው፣ ከዚያ ደን ውስጥ ተለቅሞ የመጣ ነው።

ተክሉ የቁንዶ በርበሬ የቅርብ ዘመድ ነው። ሳይንሱ ፓይፐር ካፔንሴ ይለዋል፤ «ካፔንሴ» ማለት በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ያለችውን የኬፕ አገር ለማለት ነው፤ ተክሉ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ እኛ፣ ከእኛ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባሉ እርጥብ ደኖች ይገኛል። ግንዱ ለስላሳና አንጓው ያበጠ፣ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው ሲሆን ራሱን ችሎ ብዙ አይቆምም፤ በዛፍና በቁጥቋጦ ላይ እየተደገፈ ይወጣል። ፍሬው በጣም ትንሽ የበቆሎ ራስ ይመስላል፤ ጥቃቅን ፍሬዎች በአንድ ዘንግ ዙሪያ ተጣብቀው አንድ ዛላ ይሆናሉ። ለቃሚዎቹ ዛላውን ቆርጠው ያደርቁታል፤ ብዙ ቤት ከምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ላይ ስለሚደርቅ ያ የጭስ ሽታ የሚገባው እዚያ ነው። ስለዚህ የጭስ ሽታ ያለው ጥምዝ ስታገኙ «ተቃጥሏል» ብላችሁ አትመልሱት።

ከህንድ የሚመጣ ሌላ ዘመድም አለው፤ ቀጠን፣ ጠንከር ያለና ጭስ የሌለበት ነው። አንዳንዱ ሱቅ ሁለቱንም ጥምዝ ብሎ ይሸጣል። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን ይበልጥ ያቃጥላል፤ ከዚህ በታች ከሰጠሁት ልክ ቀንሱለት።

ቅመም ከደቡብ ምዕራብ ጎንደር ሲገባ የአሁኑ መጀመሪያው አይደለም። የካፋና የጥንቱ የእናርያ አገር ቡናና ኮረሪማ በበቅሎ ጭነት በጎጃም ባሶ ገበያ በኩል አልፎ ጎንደር ይደርስ ነበር፤ ከዚህ አንዱ መንገድ ወደ ምጽዋ፣ ሌላው በመተማ ወደ ሱዳን ይወርዳል። የአዲስ ዓለም ሰፈር የሙስሊም ነጋዴዎች በዚህ ንግድ የታወቁ ነበሩ። ዛሬ በአይሱዙ ይመጣል፤ ጆንያው ሲፈታ የሚወጣው ሽታ ግን ያው የደን ሽታ ነው።

አንድ፦ መግዛት

የተፈጨ ጥምዝ አትግዙ። ምክንያቱን ለመናገር አልፈራም፤ የተፈጨ ቅመም ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ፈጪው ብቻ ነው። ባይደባለቅ እንኳ፣ ሽታው ያለው በቀላሉ በሚተን ዘይት ውስጥ ስለሆነ ተፈጭቶ በከረጢት የሰነበተ ጥምዝ ማቃጠሉ እንጂ መዓዛው አይቀርለትም።

ሙሉውን ስትገዙ እንዲህ ፈትሹ፦

አንድ ዛላ አንሡና በሁለት ጣት ስበሩት። ደህና የደረቀ ከሆነ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከታጠፈና ካልተሰበረ እርጥብ ነው፤ ነጋዴው የቱንም ያህል ቢምል ተዉት።

የተሰበረውን ቦታ ወዲያው አሽትቱ። መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ የጥድ እንጨትና የቁንዶ በርበሬ ዓይነት፣ ከኋላ ደግሞ ጣፋጭ ነገር ይመጣል። የምድር ቤት ወይም የእርጥብ ካርቶን ሽታ ካለው ሻጋታ ይዞታል።

ከዚያ ወደ ብርሃን ወጣ አድርጋችሁ በፍሬዎቹ መሃል ያለውን ስርጉድ ተመልከቱ። ነጭ ወይም አመድማ ጸጉር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው። አቧራ ከሆነ እፍ ሲሉት ይሄዳል፤ ሻጋታ ግን አይሄድም።

አንዲት እናት አሉ፣ መደባቸው ላይ ጥምዝ፣ ቅርንፉድና ገውዝ ብቻ የሚዘረጉ። «እማማ፣ ይሄ የዘንድሮ ነው?» ስላቸው «እንቺ ልጄ፣ ስበሪና አሽትቺው፤ አፌን ከምታምኚ አፍንጫሽን እመኚ» ይሉኛል። ለመፈተሽ ስትሰብሩ የሚቆጣ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው መደብ እለፉ።

ስንት ይበቃል? ለአንድ ቤተሰብ፣ ለበርበሬ የሚገባውን ሳይጨምር፣ ሁለት የቡና ስኒ ሙሉ ግማሽ ዓመት ያደርሳል። ርካሽ ሆነ ብላችሁ ኪሎ አትግዙ።

ሁለት፦ ማስቀመጥ (የሦስት ኪሎ ቅቤዬ ጉዳይ)

ይህን ክፍል በሁለት መስመር ልጨርሰው እችል ነበር፤ ግን የከፈልኩበት ትምህርት ስለሆነ ልናገረው።

ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ ሊፈታ ቀናት ቀርተዋል። ገበያ ለመሄድ ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ ከሰፈር ሱቅ ጥምዝ ገዛሁ። ስሰብረው እንደ መታጠፍ አለ። «ክረምት ነው፣ ሁሉም ነገር እርጥብ ነው» ብዬ ራሴን አታለልኩና ጠርሙስ ውስጥ ከድኜ አስቀመጥኩት። ከሳምንት በኋላ ስከፍተው ደህና መሰለኝ፤ የኩሽና መብራት ደግሞ ደብዛዛ ነው። ሦስት ኪሎ ቅቤ ነጠርኩበት። ቅቤው ሲበርድ የሸተተኝ የበሶብላ ሽታ ሳይሆን ዝናብ የመታው ጆንያ ነው። እናቴ ማንኪያውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ምንም ሳትናገር መልሳ አስቀመጠችው። እሷ ዝም ስትል ከቁጣ ይብሳል። ቅቤው ተደፋ።

ለምን ተደፋ ትሉ ይሆናል፤ «ፈልቷል አይደል?» የሚል ጎረቤትም አልጠፋም። ሻጋታ የሚተወው መርዝ፣ አፍላቶክሲን የሚባለውን ጨምሮ፣ በቤት እሳት በቀላሉ አይጠፋም። ሻጋታው ይሞታል፤ መርዙ ይቀራል። የሻገተ ቅመም ታጥቦም፣ ታምሶም አይድንም።

እንግዲህ፦ ከገበያ እንደመጣ ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ልቀሙት፤ ግንጣዩን፣ ጠጠሩን፣ የተጎዳውን ዛላ አውጡ። ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ፀሐይም መዓዛ ትሰርቃለች። በደንብ ከበረደ በኋላ ክዳኑ በሚጠብቅ ደረቅ ጠርሙስ አድርጋችሁ ብርሃን የማይገባበት ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሩ። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ለዓይን ቢያምርም እንፋሎት ይደርስበታል። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ከፍታችሁ አሽትቱ።

አይታጠብም። በርበሬ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጥምዝ ግን ውሃ ከገባበት በስርጉዶቹ መሃል ያለው እርጥበት ቶሎ አይወጣም። አቧራ ካለው በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አሻሹት።

ሦስት፦ ማሞቅና መውቀጥ

«ማመስ» ሳልል «ማሞቅ» ያልኩት አውቄ ነው። ድንብላልና አብሽ ይታመሳሉ፤ ቀለማቸው ይቀየራል፣ ጥሬነታቸው ይጠፋል። ጥምዝ ግን አስቀድሞ ደርቋል፣ ጭስም ጠግቧል፤ የሚፈልገው ዘይቱ እንዲነቃ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ለዩ፦ መዓዛው የሚተን ዘይት ነው፤ ማቃጠሉ ደግሞ ፓይፐሪን ከሚባለውና በቁንዶ በርበሬም ካለው ነገር ይመጣል፤ ይኸኛው በቀላሉ አይተንም። ጥምዙን ብዙ ካመሳችሁት መዓዛው ወደ ጣራ ወጥቶ ማቃጠሉና ምሬቱ ብቻ ምጣዱ ላይ ይቀራል። «ጥምዝ ወጤን አመረረብኝ» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ችግራቸው ይኸው ነው።

ብረት ምጣዱን በትንሽ እሳት አሙቁ። እጃችሁን ከምጣዱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ስትይዙት ሙቀቱ ሊሰማ፣ ግን እጅን ሊያሸሽ አይገባም። ዛላዎቹን ሳትሰብሩ አስገቡና ምጣዱን እየነቀነቃችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። መዓዛው ፊታችሁ እንደደረሰ አውርዱ። ጭስ ካያችሁ አልፏል። ወዲያው ወደ ሰሃን ገልብጡት፤ ምጣዱ ላይ ከተተወ እሳቱ ቢጠፋም መታመሱን አያቆምም።

ሲበርድ ዛላውን በእጅ ሦስት አራት ቦታ ስበሩና ሙቀጫ ውስጥ አድርጉ። ዘነዘናውን መጀመሪያ ከመምታት ይልቅ ጫን እያላችሁ አዙሩት፤ ፍሬዎቹ ከዘንጉ ይላቀቃሉ። ከዚያ ውቀጡ። የመሃሉ ዘንግ ጭራማ ስለሆነ እንደ ፍሬው አይደቅም፤ በወንፊት ንፉትና የቀረውን ገለባ አትጣሉት፤ ለቅቤና ለሻይ ይሆናል። የቡና መፍጫ ማሽን ያላችሁም ትችላላችሁ፤ ግን አጠር አጠር እያደረጋችሁ አስነሡት፤ ማሽኑ ከጋለ ምጣዱ ላይ የቆጠብነውን መዓዛ እዚያ ታጡታላችሁ።

የተወቀጠው ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይ። እኔ የምወቅጠው ለዕለቱ ነው፤ አምስት ዛላ ለመውቀጥ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አራት፦ ቅቤ

ጥምዝ እውነተኛ ቤቱ ቅቤ ውስጥ ነው። መዓዛው በዘይት እንጂ በውሃ በደንብ አይወጣም፤ ቅቤ ደግሞ የያዘውን አይለቅም።

ለአንድ ኪሎ መካከለኛ ቅቤ እኔ የምጠቀመው፦ አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ አንድ ጭብጥ ደረቅ በሶብላ፣ ኮሰረት ካገኛችሁ ግማሽ ጭብጥ፣ አምስት ዛላ ጥምዝ።

ቅቤውን አለቅልቃችሁ ውሃውን አጥልሉና በትንሽ እሳት አቅልጡ። ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ከትፋችሁ፣ አብሹንና እርዱን ጨምራችሁ መጀመሪያ አስገቡ። እነዚህ ጊዜ ይፈልጋሉ። አረፋው ይወጣል፤ በጭልፋ ግፈፉ። እሳቱን አትጨምሩበት፤ ቅቤ የሚያልቅለት በትዕግሥት ነው።

ድምፁን ስሙ። ቅቤው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ድስቱ ይንጣጣል። መንጣጣቱ እየሳሳ ሄዶ ቅቤው እንደ ማር ጠራ ሲል፣ ከሥር ያለው ዝቃጭ ወርቅማ ሲሆን፣ ያኔ ነው የመዓዛዎቹ ሰዓት። ኮረሪማውን፣ አዝሙዱን፣ በሶብላውንና ኮሰረቱን ጨምሩ። ጥምዙን ደግሞ ከሁሉ በኋላ፣ ሞቅ ተደርጎ ሁለት ሦስት ቦታ ተሰብሮ፣ ሳይወቀጥ። የተወቀጠ ከሆነ ወንፊት አያስቀረውም፤ ቅቤው ሥር ተኝቶ ይከርማል፤ ቀስ በቀስም ያመርረዋል። ተሰብሮ የገባው ግን መዓዛውን ሰጥቶ በማጥለያው ይወጣል።

ሦስት ደቂቃ አብሮ እሳት ላይ ይቆይ፤ ከዚያ አውርዱ፣ ክደኑ፣ ግማሽ ሰዓት አትንኩት። ያ ግማሽ ሰዓት ከእሳቱ ይበልጣል። ገና ፈሳሽ ሳለ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። የቀረውን ዝቃጭ ለሽሮ ተጠቀሙበት፤ ግን ጥምዙን ለቅማችሁ አውጡ፤ ጥርስ ሥር ሲገባ ልጆች ይጮኻሉ።

በፆም ወቅትስ? በአንድ ጠርሙስ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሠራል። ዘይቱ ጣት ከሚታገሠው ትንሽ በላይ ሲሞቅ (መጤስ የለበትም) ሁለት ዛላ ስባሪ ጥምዝ፣ ጥቂት ኮረሪማና በሶብላ ጨምራችሁ አውርዱ፤ ሲበርድ አጥልሉ። ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን ዘይት ውስጥ አታስቀምጡበት፤ ውጭ ከቆየ አደገኛ ጀርም ያራባል። ዐቢይ ፆም ላይ ሽሮው ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ጠብ ብታደርጉበት 55 ቀኑ ቀለል ይላል። ቢያንስ ለእኔ።

አምስት፦ መከለሻ

ለዶሮ ወጥ የምሠራው መከለሻ፦ ስድስት ዛላ ጥምዝ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ስምንት ፍሬ ቅርንፉድ፣ የትንሽ ጣት ያህል ቀረፋ፣ ሩብ ገውዝ።

ሁሉም በየተራው ይሞቃል። ቀረፋውና ቅርንፉዱ ይቀድማሉ፣ ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬና አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ በመጨረሻ ጥምዝ። ገውዙ ምጣድ አይነካውም፤ ይፈገፈጋል። ከዚያ አንድ ላይ ተወቅጦ በወንፊት ይነፋል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ቁሌቱ ሰዓታት ተቁላልቶ፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ገብቶ፣ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ እንቁላሉ ሊገባ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ከነቁልሉ ነስንሱ። አንድ ጊዜ አማስሉ፣ ክደኑ፣ አምስት ደቂቃ፣ አውርዱ። ቁሌቱ ላይ ቀድሞ የገባ መከለሻ መከለሻ አይባልም። ሁለት ማንኪያ ካደረጋችሁም ዶሮው ጠፍቶ ቅመም ትበላላችሁ፤ እንግዳ በበዛበት የጥምቀት ሰሞን፣ ሴቶቹ ሁሉ ለድስቱ ሲሻሙ፣ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ሁለት ጊዜ ሲጨምር ደርሷል። አሁን ጥር 11 ሲመጣ የመከለሻዋን ጠርሙስ በኪሴ ነው የምይዛት።

የቀረው ዝግን፣ የበግ ቅቅል፣ ምስር ወጥ ላይ ይሆናል። ለክትፎ ሚጥሚጣ ከጠየቃችሁኝ ለአንድ ስኒ ሚጥሚጣ አንድ ዛላ የተወቀጠ ጥምዝ ጨምሩ፤ ከዚያ አይለፍ።

በርበሬና ቡና

በርበሬው ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ልክ አለው፣ የሰው ልክም አይነካም። እኔ ለአምስት ኪሎ ደረቅ ዛላ በርበሬ አንድ የቡና ስኒ ሙሉ ጥምዝ አደርጋለሁ። ተደልዞ ከደረቀ በኋላ፣ ወፍጮ ቤት ሊሄድ ሲል ለብቻው ሞቅ ተደርጎ ይቀላቀላል። ከሌላው ጋር ፀሐይ ላይ አታስጡት።

ለቡና ግን ትንሽ ነው የሚበቃው፤ ለስድስት ስኒ ጀበና ግማሽ ዛላ፣ ተሰብሮ። ቡናው ፈልቶ ጀበናው ለማረፍ ከእሳት ሲወርድ በአንገቱ ጣሉት፤ እስኪሰክን ድረስ የሚበቃውን ይሰጣል። ከዱቄቱ ጋር ካፈላችሁት ይመርራል። እናቴ «ቡናን ቡና ይበቃዋል» ትላለች፤ አቦሉን ያለ ጥምዝ፣ ቶናውን በጥምዝ በማድረግ ታርቀናል።

ስድስት፦ ለጉንፋንና ለሆድ

ጥምዝ መድኃኒት ነው ወይ? ጉሮሮን ያሞቃል፣ አፍንጫን ይከፍታል፣ ላብ ያወጣል፣ ከከበደ ምግብ በኋላ ሆድን ያቀላል። ሰውን ያጽናናል። በሽታን ይገድላል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎች ከዚሁ ተክል ያወጧቸውን ንጥረ ነገሮች በላብራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ፈትሸዋል፤ ብልቃጥ ውስጥ የሠራ ነገር ሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። እኛ የምንጠቀመው ደግሞ ፍሬውን ብቻ ነው። «ሥሩ ይበልጣል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትቀበሉ።

የጉንፋን ሻይ፦ ሦስት የሻይ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ዛላ ጥምዝ ተሰብሮ፣ የአውራ ጣት ግማሽ ያህል ዝንጅብል ተጨፍልቆ፣ ካለ አንድ ቁንጥር ጦስኝ። ከድናችሁ አፍሉ። ክዳኑን አትተዉ፤ በእንፋሎቱ የሚሄደው መዓዛ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከቆላ አገር ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ፣ አሥር ደቂቃ ያህል በትንሽ እሳት ይንተክተክ። አጥልሉና ለብ ሲል አንድ ማንኪያ ማር ጨምሩ። በቀን ሁለት ብርጭቆ፣ ከሦስት ቀን ላላለፈ ጊዜ። በባዶ ሆድ አይሁን።

ሆድ ሲነፋ፦ ከመውቀጥ የቀረውን ገለባ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፤ እንደላይኛው። ከምግብ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ይበቃል። ለጥርስ ሕመም ስለ ጥምዝ ጠይቀውኛል፤ ቅርንፉድ ይሻላል፤ ከሁለቱም የጥርስ ሐኪም ይሻላል።

መጠጣት የሌለባቸውን ልንገራችሁ። ጨጓራ የሚያማቸው ሰዎች መጀመሪያ ላይ የተሻላቸው ይመስላቸዋል፣ ማታ ግን ያቃጥላቸዋል። ነፍሰ ጡሮች ወጥ ውስጥ ያለውን ይብሉ፤ ሻዩን ግን ይተዉት። ለሕፃን አይሰጥም፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማሩም ጭምር አደጋ ነው። ዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ በየቀኑ አይጠጡት፦ ፓይፐሪን አንዳንድ መድኃኒቶች ወደ ደም በብዛት እንዲገቡ ያደርጋል፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንና ለአስም የሚሰጠው ቲዮፊሊን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ትንሽ ነው፤ የሚያሳስበው እንደ መድኃኒት በብርጭቆ የሚጠጣው ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ጉንፋን ነው ተብሎ አይታለፍም፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይፈልጋል፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያለበት ሰው፣ በተለይ ከደምቢያ ወይም ከመተማ ወገን የተመለሰ ከሆነ፣ ጥምዝ አፍልታችሁ አታስተኙት፤ በዚያው ቀን ደሙን አስመርምሩት። ወባ ለሻይ ጊዜ አይሰጥም።

በመጨረሻ ሙቀጫው። የጥምዝ ዘይት እንጨት ውስጥ ይገባል፤ በውሃ ብቻ አይለቅም። አንድ ጭብጥ ደረቅ ጨው ውቀጡበት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨውን ለወጥ አስቀምጡት። ከዚያ አፍንጫችሁን አስገብታችሁ አሽትቱ። አሁንም ጥምዝ ጥምዝ ካለ፣ የነገው ቡና እንግዳ የሚጠጣው ከሆነ ሌላ ሙቀጫ ከጎረቤት ተዋሱ፤ እናንተው የምትጠጡት ከሆነ እንዳለ ተዉት።